አንዲት ታቴ ለሁለት ቤት

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 14

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእማማ፣

ሳልዎ ተሻለዎት? ብርዱ ሲገባ ደረትዎን እንደሚይዝዎት ስለማውቅ አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። እኛ ደህና ነን። ልጄ ድንቡሼ ይህን ስጽፍ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ሁለት የድስት ክዳን ታጋጫለች፤ ፊደሌ አንዳንድ ቦታ ቢዘል ጥፋቱ የእሷ ነው።

ባለፈው ሲደውሉ "ሱቁንም እዘጋዋለሁ፣ ልጅቷን ላክልኝና እኔ ላሳድጋት" አሉኝ። እኔም "ላስብበት" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ለእርስዎ እንደዚያ ተብሎ አይዘጋም ነበር። ግን እማማ፣ እኔና እርስዎ ስልክ ላይ አንሆንም። የሟች ልጅዎን ስም ሊያነሱ ሲሉ ድምፅዎ ይቆረጣል፤ እኔም ጉሮሮዬን ስጠራርግ ጊዜው ያልቃል። ደብዳቤ ይሻላል። ወረቀት ላይ ማን እንዳለቀሰ አይታወቅም።

ሞግዚታችን ጥለውን መሄዳቸውን እህትዎ ነግረውዎታል አሉ። እውነት ነው፣ ሄደው ነበር። እህትዎ የነገሩዎት ግን ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ እኔ ልንገርዎትና ከዚያ በኋላ ይፍረዱ።

ልጅዎ ስታርፍብን ድንቡሼ ገና በትራስ ተደግፋ ነበር የምትቀመጠው። ሱቅዎን ዘግተው መጥተው፣ ልጅቷ ያለ ትራስ እስክትቀመጥ፣ እኔም እንደ ሰው ሆኜ እስክበላ ድረስ አልተለዩንም። ያንን እስክሞት አልረሳውም። እርስዎ ሲሄዱ ወደ ማተሚያ ቤት ሥራዬ መመለስ ግድ ሆነ። ብቻዬን ሞግዚት ለመቅጠር ደግሞ አቅሜ አልፈቀደም። የዚያን ጊዜ ነው ላይኛው ፎቅ ያለችው ነርስ ከባሏ ጋር በራችንን ያንኳኳችው። ባሏ መኪና መንዳት የሚያስተምረው ቀልደኛው ሰውዬ ነው፤ እርስዎም ደረጃው ላይ አግኝተውት ስቀዋል። ወንድ ልጃቸው ከድንቡሼ በጥቂት ወር ይበልጣል። ራሱ መላጣ ሆኖ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ስለተወለደ "ሽማግሌው" ነው የምንለው። አሁን ጸጉር አብቅሏል፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ መሄዱን ግን አልተወም።

"አንዲት ሴት አግኝተናል፣ ለምን አብረን አንቀጥርም?" አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ታቴ ወደ ቤታችን ገቡ። ልጆቹን እግር የሚያስተክሉት "ታቴ! ታቴ!" እያሉ ስለሆነ ሁለቱም ልጆች መጀመሪያ የጠሯቸው በዚሁ ነው፤ እኛም ተቀበልነው። ስማቸውን ብጠራው ራሳቸው ዞር የሚሉልኝ አይመስለኝም። ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ልጅ ሲወድቅ "ውይ!" አይሉም። "ተነሳና ሌላ ቦታ እንውደቅ" ይላሉ።

አንድ ሳምንት በእኛ ቤት፣ አንድ ሳምንት በእነሱ ቤት ይውላሉ። መጀመሪያ ላይ ማር ነበር። ነርሷ ሾርባ ትልክልኛለች፣ እኔ የሽማግሌውን ጫማ እጠግናለሁ። ከዚያ ትንንሹ ነገር መጣ። እሷ እንደ ሙያዋ ንጹሕ ናት፤ በሯ ላይ እጅ ሳይታጠብ አይታለፍም። ልጆቹ ከምሳ በኋላ እንዲተኙ ትፈልጋለች፤ እኔ ደግሞ ማታ ሥራ ውዬ ስገባ ድንቡሼ ነቅታ እንድትጠብቀኝ ብዬ አመሻሽ ላይ እንድትተኛ እፈልጋለሁ። እኔ ብስኩት እሰጣለሁ፤ እሷ ብስኩት ስታይ እባብ ያየች ትመስላለች። የመማሪያ መጻሕፍት ሲታተሙ ሥራ ስለሚበዛብን አመሻለሁ፤ ልጄ እራቷን እነሱ ቤት ትበላለች፣ ታቴም ወደ ቤታቸው መሄጃ ሰዓታቸው ያልፋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ሽማግሌውን ከነጉንፋኑ አመጡት፤ የእኔዋ ጆሮዋን ይዛ ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ ከረመች።

ይህን ሁሉ እርስ በርስ ብንነጋገረው ምን ነበር? አልተነጋገርንም። ደረጃው ላይ ስንገናኝ "እንዴት አደርሽ?" "እንዴት አደርክ?" ተባብለን እናልፋለን። ቅሬታችንን የምንነግረው ለታቴ ነው። እሷ "ለታችኛው ንገሩት" ትላቸዋለች፣ እኔ "ለላይኛዋ ንገሯት" እላቸዋለሁ። ታቴ ግን ማንኛውንም ለማንም አልተናገሩም። ሁሉንም ሆዳቸው ውስጥ ያስቀምጡታል።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የድንቡሼ ጉንጭ ላይ የጥርስ ምልክት አየሁ። ላይና ታች፣ ጥርት ብሎ፣ እኛ ማተሚያ ቤት እንዲህ ያለ ጥሩ ኅትመት ሁልጊዜ አይወጣልንም። ዛሬ እየቀለድኩ ነው፤ ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። ታቴ "ዓይኔን ወደ ወተቱ መለስ ሳደርግ ነው ልጄ፣ ልጆች ናቸው" ቢሉኝ አልሰማሁም። ቱታዬን ሳላወልቅ፣ ከነቀለም እጄ ወደ ላይ ወጣሁ።

"ልጅሽ ልጄን በላት!" አልኩ በሩ ሳይከፈት ጀምሬ።

"ቀስ በል። በላት አይባልም፣ ነከሳት ነው" አለችኝ ነርሷ።

"ነከሳት ስትዪ አይከብድሽም?"

"የአንተዋ የልጄን ጸጉር ስትነጭ ስንት ቀን ዝም አልኩ? ሃይ አትላት፣ አትቆጣት! እናት የላትም ብለህ ሁሉን ነገር ለቀህላት፣ ሥርዓት የሌላት ልጅ ልታሳድግ ነው?"

ባሏ ከውስጥ "ኧረ ተይ!" ሲል ሰማሁት። እኔም መልስ ሰጠሁ። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ወረቀት ላይ አይሰፍርም።

ከዚያ ወዲያ "አንተ" ማለቷን ተወችና "እርስዎ" ትለኝ ጀመር። "እንዴት አደሩ?" ትለኛለች ቀዝቀዝ ብላ፣ ለባንክ ሥራ አስኪያጅ እንደሚባለው። ከስድብ የባሰ ነው። እኔም አጸፋውን "እርስዎስ?" እላለሁ። በዕድሜ ታናሼ ናት እኮ!

ይባስ ብለን ለታቴ ጆሯቸው ላይ ማንሾካሾክ ጀመርን። እኔ "የእኔዋን ቅድሚያ ይዩልኝ" እላለሁ። እሷም ለካ እንደዚሁ ትላቸዋለች። በመጨረሻ እኔ ጨክኜ "እነሱን ይተዉና ለእኔ ብቻ ይሥሩ" አልኳቸው፣ ከየት አምጥቼ እንደምከፍላቸው ሳላውቅ። ነርሷ አንድ ቀን ቀድማኝ ይህንኑ ብላቸዋለች።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ታቴ ሁለታችንንም ደረጃው ላይ ጠሩን። ሹራባቸውን ለብሰው ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

"ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ" አሉ። "አንቺም 'የእኔን ቅድሚያ' ትዪኛለሽ፣ አንተም 'የእኔን ቅድሚያ' ትለኛለህ። ሁለቱ አንድ ላይ ቢወድቁ ማንን ላንሳ?"

ቦርሳቸውን ወደ ትከሻቸው ገፋ አድርገው ቀጠሉ፦

"እኔ ሰሞኑን ልጆቹ ሲሮጡ እፈራለሁ። ማን ይወድቅ ይሆን እያልኩ ሳይሆን፣ ማንን ባነሳ ማን ይቀየመኛል እያልኩ ነው። እንዲህ ተሆኖ ልጅ አይያዝም። ሰኞ አልመጣም" ብለው ልጆቹን ሳሟቸውና ወረዱ። ድንቡሼ በሩ ጋ ቆማ "ታቴ! ታቴ!" እያለች ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው እህትዎ የሰሙት። ፈቃድ ወሰድኩ፣ ፈቃዱ አለቀ። ልጅቷን ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድኩ፤ የወረቀት ጥቅል ላይ አስቀመጥኳት። አለቃዬ ልጅ ይወዳሉ፣ ወረቀት መቁረጫ ማሽን አጠገብ ያለ ልጅ ግን አይወዱም፤ እውነታቸውን ነው። "ነገ ብቻህን ና፣ አለዚያም አትምጣ" አሉኝ። እርስዎ የደወሉልኝ ያን ቀን ነው። እማማ፣ ልደብቅዎት አልፈልግም፤ ስልኩ ሲጠራ ወደ እርስዎ ልልካት ብዬ የድንቡሼን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ጨርሼ ነበር። "ላስብበት" ያልኩዎት ሻንጣውን እያየሁ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ነርሷ ናት። ነጭ ልብሷን ለብሳ ሽማግሌውን አቅፋለች። ዓይኗ አብጧል።

"ዛሬ ተረኛ ነኝ። የምትተካኝ ልጅ ታመመች። ባለቤቴ ተፈታኞች ይዞ ወጥቷል" አለችና "እባክዎ…" ብላ ጀምራ መሬት መሬት አየች። "እባክህ" አለችኝ ቀጥላ።

ሥራ እንደሁ እኔም መሄድ አልቻልኩም። ልጁን ተቀበልኳት። እሱም እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቤት ሊገመግም እንደመጣ ሰው ዘው ብሎ ገባ።

እማማ፣ አንድ ልጅ አንድ ልጅ ነው፤ ሁለት ልጅ ግን ሠራዊት ነው! አንዱን ስቀይር አንዷ ታመልጣለች፣ አንዷን ስይዝ አንዱ ሳሙና ይቀምሳል። ወተት እሳት ላይ ጥጄ ነበርና እሱን ላወርድ ዞር አልኩ። ስመለስ ምን ባይ ጥሩ ነው? የእኛ እመቤት ሽማግሌው ጀርባ ላይ ፊጥ ብላ ሁለት ጆሮውን እንደ ልጓም ይዛ ትስባለች! እሱ ምስኪን ግንባሩን ቋጥሮ ይታገሣል። ታገሠ፣ ታገሠ፣ አሁንስ በቃኝ ብሎ አፉን ከፍቶ ዞረ። ደርሼ እጄን መሃል ሳስገባ የእኔን እጅ ግጥም አደረገው።

አመመኝ፤ ግን ሳቅ አመለጠኝ። እንዴት እንደሳቅኩ ልነግርዎት አልችልም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እነሱም ምን እንደሚያስቅ ሳያውቁ አብረውኝ ሳቁ። ልጅዎ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ መሳቄን ሳውቅ ደንግጬ ዙሪያዬን አየሁ። የሚቀየመኝ ሰው አልነበረም።

ነርሷ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ እጄን አየችው። "ነከሰህ?" አለች ደንግጣ።

"የለም፣ ፈረመልኝ" አልኳት።

ልትስቅ ብላ አለቀሰች። "ያን ቀን የተናገርኩት ቃል…" ስትል "የእኔዋ ምን እንደምታደርግ ዛሬ በዓይኔ አየሁ። ስለ እሷ ያልሽው እውነት ነበር። አባባልሽ ግን ቆርጦኛል" አልኳት። "አውቃለሁ" አለች። "ከአፌ ሲወጣ እኔንም ቆረጠኝ።" በዚህ ይቅር ተባባልን።

እሷ ዕረፍት ሲደርሳት በተራዋ ሁለቱንም ያዘችልኝና እኔ ሥራ ሄድኩ። ስመለስ ግን ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ልቤ ድንግጥ አለ።

"ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል" አለችኝ ፈጠን ብላ። "አንድ ነገር ልነግርህ ነው፣ እንዳታዝንብኝ። ልጄ 'እማ፣ ውኃ' አለኝ። ሰጠሁት። እሷም አየችኝና 'እማ፣ ውኃ' አለች። ምን ላድርግ? እናትሽ አይደለሁም ብዬ ላርማት? ሰጠኋት። ጠጥታ ብርጭቆውን መለሰችልኝና 'እማ' አለች እንደገና፣ ምንም ሳትፈልግ።"

ከጎኗ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ባሏ ቁልፉን እያሽከረከረ ሲመጣ ሁለታችንም እንባችንን ስንጠርግ ደረሰብን። ቀጥ ብሎ አየንና "ዛሬ ደግሞ ማን ማንን ነከሰ?" አለ።

ነገሩን ስንነግረው እሱም ተቀመጠ። "እኔ የማስተምርባት መኪና ሁለት ፍሬን አላት" አለ። "ተማሪው ሲደናገር እኔ እረግጣለሁ። መሪው ግን አንድ ነው። እናንተ ታቴን መሃል አስቀምጣችሁ ከግራና ከቀኝ መሪ ገጠማችሁላቸው። ምን ያድርጉ? ወረዱ።"

"አንተስ ያን ጊዜ የት ነበርክ?" አለችው ሚስቱ።

"እኔማ ኋላ ወንበር ተኝቼ ነበር" አለ። እውነቱን ነው። አዝኖ ነው ያለው።

በዚያው ሳምንት እሁድ ሦስታችንም ልጆቹን ይዘን ታቴ ቤት ሄድን። አንድ ክፍል ናት፤ መስኮቱ ሥር በቆርቆሮ የተተከሉ አበቦች ተደርድረዋል። ልጆቹ ሲያዩዋቸው ሰላምታችንን ሳንጨርስ ሮጠው እግራቸው ላይ ተጠመጠሙ። ታቴ አቀፏቸው። ከዚያ ቀና ብለው ያችኑ ጥያቄ ጠየቁን፦ "እሺ፣ ሁለቱ ቢወድቁ ማንን ላንሳ?"

ነርሷ ቀደመችኝ። "የቀረበዎትን" አለች። "ሌላኛው ልጅ የእኔ ከሆነ ለምን አልልዎትም።"

"እኔም አልልም" አልኩ። አፌ ላይ የቀለለውን ያህል ልቤ ላይ አልቀለለኝም፤ ግን ወስኜ ነው ያልኩት።

ታቴም በተራቸው ተናገሩ። ቅሬታችሁን እዚያው ተባባሉ፣ እኔን መልእክተኛ አታድርጉኝ አሉ። የታመመ ልጅ ካለ ከጠዋቱ ይነገር። አንተም ስታመሽ ቀድመህ ደውል፤ እኔም የምጠብቀው ቤት አለኝ አሉኝ። ትክክል ናቸው። ከምሳ በኋላ ስላለው እንቅልፍ ደግሞ "ልጁ ሲደክመው ይተኛል፤ እናንተንም ልጁንም የማየው እኔ ነኝ" ብለው ዘጉት። ብስኩቱ ላይ ብቻ ነርሷ አሸንፋኛለች። አሁን ተደብቄ የምበላው እኔ ራሴ ነኝ።

ሰኞ ታቴ መጡ። ይኸው እስከዛሬ አሉ። አልፎ አልፎ መጋጨታችን አልቀረም፤ ባለፈው እንኳ ስለ አንድ ጥንድ ካልሲ ተጨቃጭቀናል። ግን ፊት ለፊት ነው፣ "አንተ" "አንቺ" እየተባባልን።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝ ላይ ደረስኩ። "እማ" ያለችው ነገር እርስዎን እንዳያስቀይምዎት ፈርቼ ልተወው ነበር። ግን ነርሷ ያደረገችውን ይስሙ። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ወረደች፣ ድንቡሼን አቀፈቻትና ግድግዳው ላይ ወዳለው የልጅዎ ፎቶ አስጠጋቻት። "ይህቺ እማዬ ናት። እማዬ፣ ደህና አደርሽ በያት" አለቻት። ዛሬም ድረስ አላቋረጠችም። ድንቡሼ አሁን ላይኛዋን "እማ" ትላለች፣ ፎቶዋን "እማዬ"። አንድም ቀን አሳስታቸው አታውቅም። እኔ ፎቶውን አይቼ ማለፍ አቅቶኝ ዓይኔን ሰብሬ ነበር የማልፈው። ከልጄ እየሰማሁ እኔም "ደህና አደርሽ" ማለት ጀምሬያለሁ።

ስለዚህ እማማ፣ መልሴ ይኸው፦ ድንቡሼን አልልክልዎትም። ያሉኝን ከክፋት አልቆጠርኩትም። በዚያ ቀን የሚይዘኝ ሰው ሳጣ እርስዎ አሉልኝ ብዬ ነበር ሻንጣውን ያዘጋጀሁት፤ ያ ራሱ ብርታት ሆኖኛል። ሱቅዎ ሲዘጋ ቤትዎ እንዴት ጸጥ እንደሚል አውቃለሁ። የእኔ ቤት ጸጥ ሲል ምን እንደሚሆን አይቻለሁና ነው። ይልቅ እርስዎ ይምጡ። ለጥቂት ቀን አይደለም፤ እስኪሰለቹን ድረስ። ታቴ "አያትየው ቢመጡልኝ ሦስተኛ እጅ አገኘሁ" ብለዋል። የመኪናው አስተማሪም ከመናኸሪያ እኔ አመጣቸዋለሁ ብሏል፤ ቀስ ብሎ እንዲነዳ አስምለዋለሁ።

ፈጣሪ ደረትዎን ያሙቅልዎ። እንቅልፍዎን ጣፋጭ፣ ደጅዎን ሰው የማይጠፋበት ያድርግልዎ። እኛን ያነሡበት እጅዎ አይዛል።

ደብዳቤውን ልፈርም ስል ምን ብዬ እንደምፈርም ቸገረኝ። አማች የሚባለው ሚስት ሳለች ነው። እሷ ከሄደች እኔ ለእርስዎ ምን እንደሆንኩ ጠይቄዎት አላውቅም፤ ፈርቼ ነው። ዛሬ ልጅቷን አልልክም ብያለሁና ጭራሽ ፈራሁ። ካልከፋዎት ግን እንዲህ ልበል፦

ልጅዎ